በእጅ የማይዳሰስ የጡት እብጠትና የመርፌ ምርመራ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በናይሮቢ የቀረበ ንግግር)



በሰው አገር ወገናችን ሲያርፍብን ገንዘብ አዋጥተን አስከሬኑን ወደ አገር ቤት እንሸኛለን። የምንኮራበት ባህላችን ነው። ዛሬ የምንለው ግን መዋጮውም አጀቡም ከቀብር በፊት፣ ከሐኪም ደጃፍ ይጀምር ነው።

አንዳንድ የጡት እብጠት በእጅ አይዳሰስም፤ በማሞግራፊ ወይም በአልትራሳውንድ ብቻ ይታያል። አንዳንዴም እብጠት ሳይሆን ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣብ ነው። ምስሉ አጠራጣሪ ነገር መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ አይቆርጥም። የሚቆርጠው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው።

ቀደም ሲል ቦታውን በቀጭን ሽቦ አመልክቶ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ግድ ነበር። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የመርፌ ባዮፕሲ ተስፋፍቷል። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ እየተመራ ቀጫጭን ናሙናዎችን ይወስዳል። ታካሚዋ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እህት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

«ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ያስፈራናል። በመርፌው መንገድ ጥቂት ሴሎች ሊንቀሳቀሱ ቢችሉም፣ በዚህ ምክንያት የታካሚዎች ዕድሜ ማጠሩ አልታየም። የሚጎዳው መዘግየት ነው። ደግሞም በማሞግራፊ ቅድመ ምርመራ ተገኝቶ ናሙና ከሚወሰድለት እብጠት አብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም። ውጤቱ «ደህና ነው» ሲልም ከምስሉ ጋር መስማማቱን ሐኪሙን እንጠይቅ፤ ካልተስማማ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማዕቀፍ ምስሉም፣ ናሙናውም፣ የፓቶሎጂ ውጤቱም በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። እኛም ይህንን ቁጥር በልባችን እንያዝ።

እንግዲህ ቀጠሮ የተሰጣት እህት ብቻዋን አትሂድ። ቋንቋ የሚችል ሰው ይሸኛት። ክፍያው ካስጨነቃት ሳትሸማቀቅ ለማኅበሩ ትንገር፤ ለሞት የተዘረጋ እጃችን ለሕይወት አይታጠፍም። ምስሉንና የውጤት ወረቀቱን በአንድ ማኅደር ታስቀምጥ፤ አገር ቤት ገብታ ብትታከምም ይጠቅማታል። ባሎችና ወንድሞችም «ቆይ ይደርሳል» ከማለት ይልቅ «መቼ ነው ቀጠሮሽ?» እንበል።

ለከርሞው ማንም ሳይጎድልብን በጤና ያገናኘን!