«ኩድ» ውስጥ ያለ ትሕትና

አማርኛ አክብሮትን ግሱ ላይ ያሳርፋል፤ ለእኩያ «ስጠኝ»፣ ለታላቅ «ይስጡኝ»። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ነው። ታዲያ ትሕትናው የት ገባ? «ኩድ» ውስጥ! አውሮፕላን ማረፊያ የመስኮት ወንበር የሚፈልግ መንገደኛ «ኩድ አይ ሃቭ ኤ ዊንዶው ሲት?» ይላል። «ኩድ» የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ እዚህ ግን ስለ ትናንት አያወራም፣ ልመናውን ራቅ አድርጎ ያለሰልሰዋል እንጂ። «አይ ዋንት» ያለ ወገናችን ባለጌ ሲመስል ያሳዝነኛል፤ በልቡ «እባክዎ» እያለ ነውና።

ከ«ኩድ» ሌላ፣ ትርጉሙ የሚያደናግር አንድ የእንግሊዝኛ አነጋገር ልጨምር። «ዩ ማስት ኖት» ከተባላችሁ ክልክል ነው፣ ተዉት። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ» ከሆነ ግን ግዴታ የለባችሁም ማለት ብቻ ነው፤ ከፈለጋችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።