ሁለት መንገድ፣ አንድ ድልድይ

(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የተሳካልኝን ነገር ላቀርብ ነበር። ሁላችንም እዚህ ስንመጣ የምናደርገው እሱን አይደል? ሱፉን ተኩሰን፣ መኪናውን አሳጥበን ነው የምንመጣው። በኋላ ሳስበው ግን የበለጠ የሚጠቅማችሁ የተበላሸብኝ ሥራ ነው ብዬ እሱን ይዤ መጣሁ።

ሥራዬን ለማታውቁ፣ ከከተማ ርቀው የሚተከሉ ትንንሽ የመለኪያ መሣሪያዎችን እሠራለሁ። አይኦቲ የሚባለው ነው። የወንዝ ውሃ ከፍታ፣ የዝናብ መጠን፣ የጉድጓድ ፓምፕ ሁኔታ እየለኩ ወደ ቢሮ ይልካሉ። መለካቱ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው ያለው መላኩ ላይ ነው።

ፎገራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሱና ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ላይ ጉና የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወርዶ የሜዳውን ሩዝና ከብት ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለቱ ወንዞች በአንዱ ላይ፣ ከሜዳው ከፍ ብሎ፣ የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተከልን። ውሃው ከተወሰነ ምልክት ካለፈ በታች ላሉት ሰዎች በስልካቸው መልእክት እንዲደርሳቸው ነበር ሐሳቡ።

የኮራሁት ሁለት መንገድ ስለሰጠሁት ነው። አንደኛው በሲም ካርድ፣ በሞባይል ኔትወርክ። ሁለተኛው በዋይፋይ። አቅጣጫ ያለው አንቴና አቁመን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለ ቢሮ ጋር አገናኘነው፤ ከዚያ በቢሮው ኢንተርኔት ይሄዳል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ ብዬ ሪፖርቱ ላይ «አስተማማኝ» የሚል ቃል ጻፍኩ። ያቺን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ታሳፍረኛለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ውሃው መጣ። መልእክቱ ግን አልመጣም።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የአካባቢውን መብራትም አጠፋ። የሞባይል ማማው መጠባበቂያ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ አለቀ። እሺ፣ ዋይፋዩስ? ቢሮው ኢንተርኔቱን የሚያገኘው ከዚያው ማማ ነበር! ሁለት መንገድ ሠርቼ ሁለቱንም በአንድ ድልድይ ነበር ያሳለፍኳቸው። ድልድዩ ሲፈርስ ሁለቱም ቆሙ።

ይህም አልበቃ አለ። መሣሪያው ኔትወርክ ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ እንደገና ሲፈልግ አደረ። የጂኤስኤም ሞደም ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። ሳምንቱን ሙሉ ደመና የሸፈነው ሶላር ያንን የሚተካ ኃይል የለውም። ጠዋት ኔትወርኩ ሲመለስ ባትሪው ሞቶ ነበር።

ሰዎቹን ያዳኗቸው መሣሪያውን የሚጠብቁት አዛውንት ናቸው። እኔ «አያ» ነው የምላቸው። የውሃው ድምፅ አላምር ቢላቸው በእጅ ባትሪ አይተው፣ በጨለማ ወርደው ጥሩምባ ነፉ። ሰው ተረፈ። ከብትና በጎተራ የነበረ እህል ግን ሄደ። ከአራት ቀን በኋላ ሄጄ የመሣሪያውን ሚሞሪ ካርድ ሳነብ፣ ውሃው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሲጨምር በየ15 ደቂቃው መዝግቦታል። ያውቅ ነበር፤ የሚነግርበት መንገድ ነው ያጣው። አያ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ይኼ ዕቃህ አይቶ ዝም አለ ማለት ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህ ነው። የመንገዶቹ ብዛት ብቻውን አያድንም። መጠየቅ ያለበት «በአንድ ምክንያት አብረው ይጠፋሉ ወይ?» የሚለው ነው። ወረቀት ታወጣላችሁ፣ ለእያንዳንዱ መንገድ መብራቱ ከየት፣ ማማው የማን፣ ኢንተርኔቱ በየት እንደሚያልፍ ትጽፋላችሁ። በሁለቱ ዝርዝር ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ካገኛችሁ፣ ያላችሁ አንድ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛውን መንገድ በሰማይ አደረግነው። ለምሳሌ ኢሪዲየም የሚባለው የሳተላይት መረብ 66 ሳተላይቶችን በ780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ያሽከረክራል፤ ምድርን ከዋልታ እስከ ዋልታ ይሸፍናል። ሰማዩን ማየት የሚችል ትንሽ አንቴና ካለ፣ የፎገራ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ግድ የለውም። የራሱ ድካም ግን አለው። ገደል ሥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ይቸግረዋል። በትንንሾቹ ሞደሞች በአንድ ጊዜ የሚላከው መልእክት ቢበዛ 340 ባይት ነው፤ ለእያንዳንዱም ይከፈላል። 200 ኪሎባይት የሆነች አንዲት ፎቶ ልላክ ብትሉ ወደ 600 መልእክት ትሆናለች። በሌላ በኩል የጣቢያው ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የውሃው ከፍታና የባትሪው መጠን ከ30 ባይት አይበልጡም።

እዚህ ላይ የረዳኝ የራሳችን ወግ ነው። የባቻችን ወሬና ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ ይሄዳል። ለሠርግ ስልክ እንደውላለን። መርዶ ሲሆን ግን ሰው ይላካል፣ ውድም ቢሆን፣ ሩቅም ቢሆን። መሣሪያውንም እንዲሁ አስተማርነው። ፎቶውና የወሩ መዝገብ አያ ወይም ባለሙያ ስልክ ይዞ አጠገቡ ሲደርስ በዋይፋይ ይወርዳል። የዕለቱ ንባብ በሞባይል ኔትወርክ ይሄዳል። ውሃው ምልክቱን ካለፈ ግን ሁለት ደቂቃ ሞባይሉን ይሞክራል፤ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ከሰርቨሩ ካላገኘ፣ ያቺን 30 ባይት በሳተላይት ይልካል። ሞክሮ ያጣውን መንገድ ለጊዜው ይተወዋል፤ ባትሪውን በፍለጋ አይጨርስም። መልስ ያላገኘበትንም ንባብ አያጠፋም።

ታች ያሉትም በስልክ ብቻ እንዲጠብቁ አላደረግንም። ማማው ከወደቀ የእነሱም ስልክ ይጠፋልና። መንደሩ ውስጥ የራሱ ባትሪና የሳተላይት መቀበያ ያለው ጡሩምባ ተተከለ፤ የአያን ሥራ እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አይደለም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማማ ታየ ማለት ኔትወርክ አለ ማለት አይደለም። የደጋ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስልኩ ምልክት እያሳየ አልያዝ ብሏችሁ አያውቅም? ጂኤስኤም በመደበኛ አሠራሩ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ያለን ስልክ አያስተናግድም። ሲግናሉ ቢደርስም ከተመደበለት ቅንጣት ጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። ሁለተኛ፣ የማይሄዱበት መንገድ ሲፈለግ ሣር በቅሎበት ይገኛል። ስለዚህ በጋም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ በሳተላይቱ «አለሁ» የምትል መልእክት እናስልካለን። ወጪ ነው፤ ግን ብልሽቱን የምንሰማው በጎርፍ ሌሊት ሳይሆን በጥር ፀሐይ ነው።

ወደፊት ነገሩ ይቀላል። በ2022 የተጠናቀቀው የ3ጂፒፒ 17ኛው ደረጃ የሞባይል አይኦቲ መሣሪያዎች በቀጥታ ከሳተላይት ጋር የሚገናኙበትን መንገድ ከፍቷል። ቀስ በቀስ አንዱ ሞደም ሁለቱንም ይሠራል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ያ ወረቀት አይቀርም፤ አንድ ሞደም ደግሞ ራሱ አንድ ድልድይ ነውና። የሳተላይት መሣሪያ ልታስገቡ የምታስቡም፣ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ፈቃዱ ጠይቁ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንዲት ልመና አለችኝ። ብዙዎቻችሁ የተማሪዎችን የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ትፈትናላችሁ። ተማሪው መሣሪያውን አሳይቶ «ይሠራል» ሲላችሁ እጅ አታጨብጭቡ። ተነሱና ኔትወርኩን ንቀሉበት። ከዚያ «አሁንስ ለማን ይነግራል?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን በጊዜው ማንም አልጠየቀኝም፤ በኋላ የጠየቁኝ አያ ናቸው፣ እህላቸው ከሄደ በኋላ።

የከርሞ ሰው ይበለን!