ልብ ወለድ ለመጻፍ ስንቃችን ከየት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ልብ ወለድ ድርሰት ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ከመካከላችን ታሪክ ለመጻፍ የሚመኙ ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን «ደጋን ተቀምጦ ምን ይጻፋል? ደራሲ የሚኮነው አዲስ አበባ ነው» እያሉ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። እኛ ዛሬ ለማስረዳት የምንፈልገው ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፍ ሮማ ላይ ያሳተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይህ መጽሐፍ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ርእሱም ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ደራሲው መጽሐፉን ያሳተመው ከአገሩ ርቆ በኢጣልያ ሲኖር ነው፤ ልቡ የወለደው ታሪክ ግን የአገሩን ሰው የሚመለከት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ለወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሁሉ ይልቅ ስንቅ የሆናቸው ተወልደው ያደጉበት የጎጃም ገጠር ኑሮ ነው። እንግዲህ የደራሲ ስንቅ የሚቋጠረው ካደገበት ቀዬ ነው ማለት ነው።

የእኛስ ቀዬ ምን አለው? ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ይገናኛሉ። የዋጋ ክርክሩን፣ ቀልዱንና መሐላውን ጆሮውን ሰጥቶ ያደመጠ ተማሪ፣ ሰዎችን በድርሰት ውስጥ እንዴት እንደሚያናግር ግማሹን ተማረ ማለት ይቻላል። እቤታችንም ከአቦል እስከ በረካ ስንት ጨዋታ ይወራል! መንዙማውም አለ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብ ፊደል እየጻፉ ግጥም የደረሱት በዚሁ በወሎ ምድር ነው። ስለዚህ በአገራችን ብዕር እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ የሰሙትን እንዳለ መገልበጥ ብቻውን ልብ ወለድ አይሆንም። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ ታላላቆቻችን ያውቁታል። የጊዜው መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ሳለ፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በፊልም ለዓለም ገለጠው። ፊልሙ የተራበውን ሕዝብ ፊት አሳየ። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ከዚያ አልፎ ወደ አንዲት ጎጆ ይገባል። በቤቷ አንድ ቁና የዘር ማሽላ ብቻ የቀራት እናት አለች እንበል። ቆልታ ብትሰጣቸው ልጆቿ ዛሬን ያድራሉ፤ ዝናም ሲመጣ ግን የሚዘራ አይኖርም። ብታስቀምጠው፣ እስከ ዝናሙ ማን ይደርሳል? ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አንባቢውም እናቲቱ እስክትወስን ድረስ መጽሐፉን አይዘጋም።

ልብ ወለድ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን የሰውን ገመና ሸፍኖ እውነቱን ማውጫ ነው እንላለን። በክፉ ቀን የሆነውን ሁሉ በስም ጠርተው ቢጽፉት ጎረቤት ያፍራል፣ ልጅ ያዝናል። ባለታሪኩን አስፈቅዶ፣ ስሙንና መንደሩን ለውጦ የሚጽፍ ግን ማንንም ሳያዋርድ ሁሉን ያስተምራል።

ጓደኞቻችን ሆይ! ጊዜው አጭር ነው። በ1966 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። ዛሬ ያልጠየቅነው አዛውንት ከነታሪኩ ወደ መቃብር ይወርዳል። እኛም ራሳችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆች ነበርን፤ ያንን ጊዜ በልጅ ዓይን ያየነው እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከኪስ የማይለይ ትንሽ ደብተር ይኑረን፤ የሰማነውን ቃል ሳይረሳ በዚያው ቀን እንጻፍ። ሁለተኛ፣ አንድን ጥሩ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ እናንብብ፤ በመጀመሪያ ለታሪኩ፣ በሁለተኛው ደራሲው እንዴት እንደሠራው ለማየት። ሦስተኛ፣ የጻፍነውን ጮክ ብለን ለጓደኛ እናንብብ፤ ሰው በአፉ የማይናገረው ቃል ካለ ያን ጊዜ ጆሮ ይይዘዋል። አራተኛ፣ መሰረዝን አንፍራ፤ እርሻም አንዴ ታርሶ አይዘራም።

እናንተም ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁ ስለ ጥንቱ ሲጠይቋችሁ «ያለፈ ነገር ምን ያደርግላችኋል?» ብላችሁ አትመልሷቸው። መምህራኖቻችንም የተማሪዎች ድርሰት የሚነበብበት አንድ ሰዓት በየሳምንቱ እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናለን። ወረቀቱና ብዕሩ በእጃችን ነው፤ የሚጻፈውም ነገር በደጃችን ነው።