ዶዘሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ ይመረጥ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አንጋፋ የሰፈራችን መካኒክ ያደረጉት ንግግር)



 እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከሞተር ሥር ተጋድሜ ነው። ሆኖም ክረምቱ ሳይገባ የጎርፍ ቦያችንን ይከፍትልናል ብለን የምንጠብቀው ባለ ሰንሰለት ዶዘር በዚህ ሳምንት ዘይቱ ሊቀየር ነው። ገንዘቡም ከየቤታችን የተዋጣ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሳልናገር ብቀር የኅሊና ዕዳ ይሆንብኛል።

ባለፈው ስብሰባ «አንድ በርሜል ወፍራም የማርሽ ዘይት በርካሽ ተገኝቷል፤ ለካምቢዮውም ለሌላውም እሱን እንጠቀም፤ ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ዘይት ያው ዘይት አይደለም። ዘይት የሚመረጠው በዋጋው ወይም በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሚነካው ብረትና በሚሠራው ሥራ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ማሽናችን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ ካተርፒላር ዲ-4 ነው። ዘይት የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ አይምሰላችሁ። አንደኛ፣ ትልቁ የናፍጣ ሞተር አለ። ሁለተኛ፣ እሱን የሚያስነሣው ትንሹ ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የራሱ ዘይት አለው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ሦስተኛ፣ ካምቢዮው አለ። አራተኛና አምስተኛ፣ በግራና በቀኝ ሰንሰለቱን የሚነዱት የመጨረሻ ማርሾች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መሙያና ማፍሰሻ አላቸው። ስድስተኛ፣ የአየር ማጣሪያው አቧራ የሚይዘው በዘይት ነው።

እንግዲህ ስለ ሞተሩ ዘይት ልናገር። ካተርፒላር የመጀመሪያውን የናፍጣ ትራክተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በዚያ ዘመን በነበረው ተራ ዘይት የፒስቶኑ ፋሻ በጥላሸት እየተጣበቀ አስቸገረ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በ1930ዎቹ አጋማሽ የወጣው፣ ጥላሸቱን እንደ ሳሙና አጥቦ ይዞ የሚዞር ቅመም ያለበት ዘይት ነው። ስለዚህ አጣቢ ዘይት ለናፍጣ ሞተር ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ለሱ ተብሎ የተሠራ ነው። ዘይቱ ቶሎ ሲጠቁር «ተበላሸ» አትበሉ፤ ጥላሸቱን ይዞ ነው የጠቆረው።

ነገር ግን አንድ አደጋ አለው፤ ይህንንም ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። በ1975 ዓ.ም. ገና ጎረምሳ መካኒክ ሳለሁ፣ ለብዙ ዓመት በተራ ዘይት ሲሠራ የኖረ አሮጌ ትራክተር ተሰጠኝ። አለቃዬ «በመጀመሪያ ኮፓውን አውርደህ እጠብ» አለኝ። እኔ ግን ቸኮልኩ። ቡሎኑን መፍታት ሰለቸኝና አሮጌውን ዘይት አፍስሼ አዲሱን አጣቢ ዘይት ሞላሁበት። በሦስተኛው ቀን ከኮፓው ግርጌ እንደ ጠላ አተላ ተኝቶ የኖረው ዝቃጭ ተነሥቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ደፈነው። የዘይት ግፊት መለኪያው ወረደ፤ አላየሁትም። ብሮንዚናው ቀለጠ። ያ ትራክተር ያን ዓመት አላረሰም፤ ባለቤቱም ማሳውን በኪራይ በሬ ነው ያሳረሰው። እኔ የሁለት ሰዓት ሥራ ሸሽቼ የሰው ዓመት አበላሸሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእኛ ዶዘር ከዚህ በፊት ምን ዘይት እንደ ነበረበት የሚያስረዳ ወረቀት አልተገኘም። ስለሆነም ኮፓው ይውረድ፤ ወንፊቱ ይታጠብ፤ ፊልትሮው ይቀየር። ከዚያ አዲሱ ዘይት ይገባና የመጀመሪያው ቅያሪ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይደረግ።

ስንገዛ ምን እንይ? በቆርቆሮው ላይ በላቲን ፊደል ከተጻፈው ውስጥ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው። ለትልቁ ሞተራችን ሲ.አይ.-4 ወይም ከሱ ወዲህ የወጣ 15 ደብልዩ 40 ዘይት ይበቃል። «ደብልዩ» ማለት የብርድ ጊዜ መለኪያ ነው፤ ይህ ዘይት በጠዋት ብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ እንደ ቁጥር 40 ይሆናል። ይህንኑ ዘይት ለትንሹ ማስነሻ ሞተርም ልንጠቀምበት እንችላለን።

አሁን ወደ ካምቢዮው ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ «የሞተሩ 40፣ የማርሹ 90፤ እንግዲያው የማርሹ ከእጥፍ በላይ ይወፍራል» ትላላችሁ። አይደለም። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 9 ይለዋል፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። የዘይቱም ቁጥር እንዲሁ ነው። የማርሽ ዘይት ቁጥር 90 ውፍረቱ ከሞተር ዘይት ቁጥር 40 እና 50 ጋር ይቀራረባል።

ዋናው ጉዳይ ግን ውፍረቱ ሳይሆን ቅመሙ ነው። በርካሽ የተገኘው በርሜል ላይ ጂ.ኤል.-5 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ዘይት የድኝና የፎስፎረስ ቅመም የበዛበት ሲሆን፣ የተሠራው ጥርሳቸው በብርቱ እየተፋተገ ለሚንሸራተት ለመኪና ዲፈረንሻሎች ነው። ቅመሙ ሲሞቅ የብረቱን ፊት እንደ ሽፋን ሆኖ ይጠብቃል። ነሐስ ሲያገኝ ግን ሊያጠቁረውና ሊበላው ይችላል። እንደኛ ማሽን ባለ አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ደግሞ የነሐስ ቦኮላ አይጠፋም። አንዳንዱ አዲስ ጂ.ኤል.-5 ነሐስ እንዳይጎዳ ተደርጎ መሠራቱን አውቃለሁ፤ ይህ በርሜል ግን ያንን የሚገልጽ ጽሑፍ የለውም። ጉዳቱ ዛሬ ቢገባ ዛሬ አይታይም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ቦኮላው ሲያልቅ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ለካምቢዮውና ለሁለቱ የመጨረሻ ማርሾች ቁጥር 90 ሆኖ ጂ.ኤል.-1 የሆነ ተራ ዘይት ወይም ጂ.ኤል.-4 እንግዛ። እሱ ከታጣ፣ ለካተርፒላር ካምቢዮ የሚሸጠው ቲ.ኦ.-4 ቁጥር 50 በቦታው ሊገባ ይችላል።

ሌላም ላሳስብ። ካምቢዮው ከልኩ በላይ አይሞላ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያጥፉት ፍሪሲዮኖች ደረቅ ናቸው። ዘይት በጎማ መክደኛው አልፎ ከገባባቸው ይንሸራተታሉ፤ ማሽኑም እምቢ ብሎ አይታጠፍም። በወንዙ አፋፍ ላይ እምቢ ቢል ምን እንደሚደርስ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሹፌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከፍሪሲዮኖቹ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትቶ ዘይት ጠብ ይል እንደሆነ ይይ።

በመጨረሻም የሚፈሰው አሮጌ ዘይት በጀሪካን ይሰብሰብ እንጂ ወደ ቦዩ አይደፋ። ጎርፍ ለመከላከል ብለን ልጆቻችን የሚሻገሩትን ውኃ ብንበክል ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። ትክክለኛው ዘይት ከርካሹ በርሜል ይወደዳል፤ አልደብቃችሁም። ከካምቢዮ ጋር ሲወዳደር ግን ርካሽ ነው። ኮፓውን ለማውረድ የቀን ሠራተኛ አትቅጠሩ፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ። ሁለት ጎረምሶች ይርዱኝ። እኔ በነሱ ዕድሜ የሰለቸኝን ሥራ አብረን እንሠራዋለን።