እርስ በርስ መደማመጥ



የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙዚቃ በተማረባት ለንደን፣ ጆ ሃሪየት የሚባል ጃማይካዊ ስደተኛ አልቶ ሳክስፎን ይጫወት ነበር። በ1960 «ፍሪ ፎርም» የተባለውን አልበም አምስት ሆነው ቀዱ፤ ሦስቱ የካሪቢያን፣ ሁለቱ የብሪታንያ ልጆች ነበሩ። የተለመደው የጃዝ ሥርዓት ሳያስራቸው፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ ተጫወቱ። በ1966 ደግሞ ከካልካታው ተወላጅ ከጆን ሜየር ጋር የሠራው «ኢንዶ ጃዝ ስዊት» ወጣ። ሆኖም ሃሪየት በ1973፣ በ44 ዓመቱ ሲያርፍ የሚገባውን ክብር አላገኘም ነበር።

ልጆቻችን፣ እነዚህን አልበሞች ፈልጋችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር አድምጡ። እኛም በሰው አገር አብረውን የሚኖሩትን የጥበብ ሰዎቻችንን በሕይወት ሳሉ እናድምጣቸው፤ እናክብራቸው።

መልካም ኢዮቤልዩ!