በወንዶች ኀፍረተ ሥጋ ላይ የሚቆይ ማሳከክ፤ ምክንያቱ እንዴት ይገኛል?



ዛሬ የምንናገረው ነገር ለጆሮ የሚያሳፍር ይመስላል። ስለ ቤት ንጽሕና ልንሰማ ነው ብላችሁ መጥታችሁ ስለ ወንድ ኀፍረተ ሥጋ ስንናገር ብትሰሙን «እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» ሳትሉ አትቀሩም። ነገር ግን ጉዳዩ ከጋቢውና ከቁርበቱ፥ አብሮ ከመተኛቱም ጋር የተያያዘ ነው። የታመመው አንድ ሰው ቢመስልም በሽታው የቤቱ ሁሉ ስለ ሆነ፥ ለእናንተ ከመንገር ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ካሉት የገብስ አገሮች አንድ አባወራ ወደ እኛ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ ይሆናል። ምን ሆኑ ስንላቸው «ወገቤን» አሉ። ወገባቸውን አየን፤ ምንም የለበትም። ከእኛ መካከል አንዷ ሴት ስለ ነበረች፥ እሷ እስክትወጣ ጠብቀው ነው ዋናውን ነገር የተናገሩት። ስምንት ወር ሙሉ ኀፍረታቸውን ሲያሳክካቸው ቆይቷል። ቀን ቀን ይታገሡታል፤ ሌሊት ጋቢው ሲሞቅ ግን እንቅልፍ የለም።

ከዚያ በፊት ያልሞከሩት አልነበረም። አንዱ «በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው» ብሏቸዋል። ሌላው ጨብጥ ነው ብሎ መርፌ ወግቷቸዋል። ከሱቅ የገዙት ቅባት ለሳምንት ያህል አስታግሦላቸው ኋላ አባሰው። ጨንቋቸው በጨውና በኦሞ መታጠብ ጀመሩና ቆዳው ተላጠ። እኛም ብንሆን ከስሕተት አላመለጥንም፤ ሱሪያቸውን ሳናስወልቅ፥ እጃቸውን እንኳ ሳናገላብጥ፥ የሽንት ቧንቧ በሽታ ይሆናል ብለን ክኒን ሰጥተን ሰደድናቸው። አፍረው ነበርና እኛም አብረን አፈርን።

በቤታቸው ደግሞ ነገሩ ወደ ጠብ ሄዶ ኖሯል። ባል ሚስትን ጠረጠሩ፥ ሚስትም ባልን። ሽማግሌ ገብቶ አልበረደም። ባለቤታቸው ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሊሄዱ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሳለ ሕፃኑ ተቅማጥ ያዘውና ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኛ ይዘውት መጡ።

በሽታውን የነገረን እንግዲህ ያ ሕፃን ነው። መዳፉንና ውስጥ እግሩን ስናይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ሞልተዋል። እናትየዋን «እርስዎንስ ያሳክክዎታል?» ብንላቸው፥ «ሁላችንንም ያሳክከናል፤ ቁንጫ ነው ብለን እኮ ነው!» አሉን። እጃቸውን አየን፤ በጣቶቻቸው መካከልና በእጅ አንጓቸው ላይ የተጫጫረ ነገር አለ። በጡታቸው ጫፍ ዙሪያም እንዲሁ። አባወራውን ለብቻቸው አስገብተን በሚገባ ስናያቸው፥ በብልታቸውና በቆለጣቸው ከረጢት ላይ ምስርና አተር የሚያህሉ ጠጣር እብጠቶች አገኘን። ነገሩ እከክ ነበር። ስድስቱም ቤተ ሰብ እያሳከካቸው፥ የሚያሳፍረው ቦታ ላይ የወጣባቸው አባወራው ብቻ ስለ ነበሩ፥ የእሳቸው ብቻ ምስጢር ሆነ።

እከክን የምታመጣው ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ተባይ ናት። በ1687 እ.ኤ.አ. ቦኖሞና ቼስቶኒ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን በማጉያ መነጽር አይተው የበሽታው ምክንያት እሷ መሆኗን ጻፉ። እንስቷ የቆዳን ላይኛ ገጽ ሰርስራ ትገባና በቀን ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ስስ ቆዳና እጥፋት ያለበትን ቦታ ትወዳለች፤ በጣት መካከል፥ በብብት፥ በወገብ፥ በሴት ጡት ጫፍ፥ በወንድ ኀፍረተ ሥጋ። በመጀመሪያ ጊዜ ለያዘው ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፥ ማን ከማን እንደ ወሰደ መቁጠር አይቻልም። ባልና ሚስትን ሊያፋታ የደረሰው ይኸን አለማወቅ ነው።

እዚህ በእኛ አገር ለምን ይቆያል? አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ በቆጂ ከዚያም ከፍ ያለ ነው። ሌሊቱ ይበርዳልና ልጆች ከእናት ከአባት ጋር በአንድ ቡልኮ ይተኛሉ። ይኸ ነውር አይደለም፤ ብርድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬኔት ሜላንቢ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ፈቃደኛ ሰዎችን እያስተኛ ሲመረምር፥ በሽታው በይበልጥ የሚተላለፈው ከብርድ ልብስ ሳይሆን ገላ ለገላ ከመነካካት መሆኑን አገኘ። በአብዛኞቹ በሽተኞች ላይም የተገኙት ተባዮች ከደርዘን የማይበልጡ ነበሩ። ስለዚህ እከክ የያዘውን ሰው «ቆሻሻ» ብሎ መስደብ ስሕተት ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልልና በሌሎችም ቦታዎች ብዙ ሕዝብ ላይ የወጣው፥ ውሃ ስለ ጠፋና ሰው ስለ ተጨናነቀ ነው።

መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ይገኛል። ፐርሜትሪን የሚባለው ቅባት ማታ ተቀብቶ እስከ ጧት ይቆያል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የድኝ ቅባት ከሆነ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃንም ይሆናል። አይቨርሜክቲን የተባለው ክኒን ደግሞ ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። ዋናው ነገር ግን የሚያሳክከውም የማያሳክከውም ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ሌሊት መቀባቱ ነው። ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፥ በጣት መካከል፥ በጥፍር ሥር፤ ለሕፃን ዓይንና አፉን ትቶ ራሱንም ጭምር። ወንዶች ሲቀቡ ኀፍረታቸውን ይዘሉታል። እናቶች፥ እዚህ ላይ ነው እናንተን የምንለምነው! «እዚያም ተቀብተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እጁን የታጠበ እንደ ገና እጁን ይቀባ።

በማግስቱ ልብሱና አንሶላው በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የማይታጠበውን ቡልኮ በላስቲክ አስራችሁ ለአንድ ሳምንት ብታስቀምጡት ተባይዋ ያለ ሰው ገላ ትሞታለች። ላምባ፥ የከብት መድኃኒትና የጸረ ተባይ ርጭት ግን በገላ ላይ በፍጹም አይደረግም።

የወንድ ኀፍረት ሕመም ሁሉ እከክ ነው ማለታችን አይደለም። ከሽንት ቧንቧ መግል የሚወጣ ከሆነ፥ ሽንትም የሚያቃጥል ከሆነ፥ ያ ሌላ ነው። መድኃኒት ወስዶ ካልተወው፥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሚስት ሳትታከም ቀርታ ተመልሶ መያዙ ነው፤ ወይም መድኃኒቱ ሳያልቅ ተትቷል፤ ወይም ጀርሙ ለመድኃኒቱ የማይበገር ሆኗል፤ ወይም ደግሞ ትሪኮሞናስ የተባለው ተሐዋሲ ነው፤ ለእሱ ሌላ ክኒን አለው። እንዲህ ያለው በሽታ በሴት ላይ ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ወር ሊቀመጥ ይችላልና፥ ዛሬ መታየቱ ትናንት መምጣቱን አያስረዳም። የማያም ቁስል ከወጣ የቂጥኝ ምርመራ ያስፈልጋል። ለሥራ ወደ መካከለኛው አዋሽ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሽንቱ ደም ካለበት፥ እዚያ በነበረበት ውሃ የሚገኘው የቢልሃርዚያ ትል ሊሆን ይችላልና የት እንደ ነበረ ለሐኪሙ ይንገር። ትኩሳቱ የሚመላለስ፥ ቆለጡም የሚያብጥ ከሆነ፥ ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደ ሆነ፥ ጽንስ ከጣለች ላምም ጋር ነክኪ እንደ ነበረው እንጠይቃለን፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል የከብት በሽታ አለና። ወተት አፍሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቀጠሮ አይሰጠውም። ልጃችሁን ወይም ጎረምሳውን ድንገት ቆለጡን ከባድ ሕመም ከያዘውና ካስታወከው፥ ቆለጡ ተጠማዝዞ ደሙ ተቋርጦ ይሆናል። ስድስት ሰዓት ካለፈው ቆለጡ ሊሞት ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ወደ አባወራው እንመለስ። መድኃኒቱን ስድስቱም በአንድ ሌሊት ተቀቡ፤ በሳምንቱም ደገሙ። አባወራው በአሥራ አምስተኛው ቀን ተቆጥተው መጡ። «ልጆቹ ተሽሏቸዋል፤ የእኔ እብጠት ግን እዚያው ነው!» አሉ። ተባይዋ ከሞተች በኋላ ማሳከኩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፥ በዚያ ቦታ ያለው እብጠት ደግሞ ለብዙ ወር ሊቆይ እንደሚችል ቀድመን ልንነግራቸው ሲገባን ረስተን ኖሯል። መድኃኒቱን በላይ በላዩ እንዳይደራርቡ፥ ኦሞውንም እንዲተዉ ነገርናቸው። ባለቤታቸው የጠቀለሉትን ልብስ ፈትተው ከሌላው ጋር አጥበውት እንደ ነበር የሰማነው በዚያን ቀን ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ መጡ። ምን ሆኑ ስንላቸው «ወገቤን» አሉ። ያችው እኅታችን እዚያው ተቀምጣ ነበርና እሷም ሳቀች፥ እሳቸውም ሳቁ። የገብስ አጨዳ ወራት ስለ ነበረ፥ በዚያ ቀንስ እውነትም ወገባቸውን ነበር።