ነዳጅ ከቅባት እህል፦ የሸክላ አፈሩ ሥራና የኑጉ ሒሳብ



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ትራክተር ያለው ሁሉ ናፍጣ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ናፍጣ ከቅባት እህል ይሠራል የሚለው ወሬ ጆሮ የሚስበውም ለዚህ ነው። ወሬው እውነት ነው። ሆኖም ከኑግ ማሳ ላይ ተቀንሶ ለጃትሮፋ ወይም ለጉሎ ከመሰጠቱ በፊት አሠራሩም ሒሳቡም መታየት ይገባዋል።

የእህል ዘይት ወፍራም በመሆኑ እንዳለ ቢጨመር ሞተሩን ይጎዳል። ስለዚህ ሜታኖል ከሚባል አልኮል ጋር 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲሞቅ ይደረጋል። 100 ኪሎ ዘይት ከ11 ኪሎ ያህል ሜታኖል ጋር ሲዋሃድ 100 ኪሎ ገደማ ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ይሰጣል። ሜታኖል ግን ዓይን የሚያሳውርና የሚገድል መርዝ ነው፤ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። እንደ አረቄ በጓሮ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ውህደቱን የሚያፋጥን ካታሊስት ያስፈልጋል፤ የተለመደው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ዘይቱ የከረፋና አሲድ የበዛበት ከሆነ ግን ሶዳው ሳሙና ይሠራል፤ ነዳጁን ለማጠብም ብዙ ውሃ ይፈሳል። የሸክላ አፈር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአሲድ የታከመ ሸክላ አፈር ያንን አሲድ ሳሙና ሳያደርግ ወደ ነዳጅ ይለውጠዋል። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ተተኩሶ በአልካላይ ከታከመ በኮስቲክ ሶዳው ምትክ ይሠራል፤ ጠጣር ስለሆነም ተጣርቶ እንደገና ያገለግላል። እርግጥ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይደክማል። ካኦሊን በክልሉ ውስጥ በደብረ ታቦር አካባቢ ይገኛል። ከማሳ የተዛቀ ቀይ አፈር ይህን ሥራ ይሠራል ብሎ የሚመጣ ቢኖር አይታመን።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ ቢባል፣ የባዮፊዩል ስትራቴጂ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ በአገሪቱ ለጃትሮፋና ለጉሎ ሰፊ መሬት ተሰጥቶ ነበር፤ አብዛኛው ሥራ ተቋርጧል። በወላይታ ከምግብ እህል መሬታቸው ቀንሰው ለጉሎ ውል የገቡ ገበሬዎች የተነገራቸውን ያህል አላገኙም። የጃትሮፋና የጉሎ ፋጉሎ መርዝ ስላለበት ለከብት አይሰጥም፤ የኑግ ፋጉሎ ግን በሬ ያደልባል። አንድ ሊትር የኑግ ዘይትም በገበያ ከአንድ ሊትር ናፍጣ በላይ ያወጣል። ታዲያ ኑጉን አቃጥሎ ምን ይተረፋል?

መነሻ መሆን ያለበት የማይበላው ዘይት ነው። ከሆቴሎች የሚደፋ የመጥበሻ ዘይት አለ፤ በየማሳው ዳር የቆመው የብሳና ፍሬም ዘይት እንዳለው በአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ተጠንቷል። ከሁሉም የሚቀርበው ምናልባት የዘይት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። ቡሬ የዘይት ፋብሪካ ከተማ ሆናለች። ዘይት ለማንጣት የሚያገለግለው አፈር ራሱ ብዙውን ጊዜ በአሲድ የታከመ ሸክላ ሲሆን፣ ሥራውን ጨርሶ ሲጣል ከክብደቱ ከመቶ 20 እጅ በላይ ዘይት ይዞ ሊወጣ ይችላል። የነዳጅ ዕቅድ ይዞ ወደ ዩኒየኑ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘይቱን ከየት እንደሚያገኝ፣ ሜታኖሉን በስንት እንደሚገዛና ግሊሰሪኑን ለማን እንደሚሸጥ ነው። የማሳው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይነሳል።